በጦርነት ጊዜ አብራሪ ማሰልጠን፦ ማን ይዋጋ፣ ማንስ ያስተምር?

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ እንድናገርበት የተጋበዝኩት ጉዳይ በጦርነት ጊዜ የሚካሄድ የወታደራዊ አብራሪዎች ስልጠና ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

እንቆቅልሽ ከሚመስል አንድ እውነታ ልነሣ። በ1944 ጀርመን፣ ከተሞቿና ፋብሪካዎቿ ሌት ተቀን በቦምብ እየተደበደቡ፣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የጦር አውሮፕላኖችን ሠርታ አወጣች። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አምርታ አታውቅም። የገዛ ሰማይዋን ያጣችውም በዚያው ዓመት ነው። የጎደላት አውሮፕላን አልነበረም፤ አውሮፕላኑን አስነሥቶ፣ ተዋግቶ፣ በሰላም መልሶ የሚያሳርፍ ሰው እንጂ። ፋብሪካ ሠራተኞቹን በሦስት ፈረቃ አሰልፎ ምርቱን ሊያፋጥን ይችላል፤ ከምልመላ እስከ ግንባር ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈልገውን አብራሪ ግን በፈረቃ ማብሰል አይቻልም።

ስለዚህ የአየር ውጊያ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ውጊያው ከመደረጉ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በበረራ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንድ የአየር ኃይል አዛዥም ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ጎበዙን አብራሪ ከግንባር አስቀርቶ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ማቆም ነው፤ የግንባሩ ጩኸት ዛሬ ይሰማል፣ የትምህርት ቤቱ ጉድለት ግን የሚሰማው ዘግይቶ ነውና።

ስልጠናው በየሀገሩ ስሙ ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ምልምሉ መጀመሪያ የአየር ጠባይን፣ የአቅጣጫ ስሌትንና የሞተርን አሠራር በክፍል ውስጥ ይማራል። ቀጥሎ ስሕተትን በሚችል ቀላል የልምምድ አውሮፕላን ከመምህሩ ጋር ይወጣና ከአሥር ሰዓት ገደማ የጋራ በረራ በኋላ ብቻውን እንዲነሣ ይፈቀድለታል። ከዚያ ወደ ከባድና ፈጣን የልምምድ አውሮፕላን ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም የሚዋጋበትን አውሮፕላን ይረከብና ተኩስን፣ በቡድን መብረርን፣ በደመናና በሌሊት መንገድ መፈለግን ይለማመዳል። ጦርነት ሲያጣድፍ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። ተመራቂው ማስነሣትና ማሳረፍ ስለሚችል በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አብራሪ ይባላል፤ ያልተማረው ነገር የሚታወቀው ጠላት ከኋላው ሲመጣ ነው።

በረራን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የታወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ያውም ብዙ ሕይወት ከተከፈለበት በኋላ ነው። በኤፕሪል 1917 በፈረንሳይ አራስ አካባቢ በተደረገው ውጊያ የብሪታንያ የአየር ክፍል በአንድ ወር ውስጥ 245 አውሮፕላኖችን አጣ። በዚያ ወቅት ወደ ግንባር ይላኩ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ጠቅላላ የበረራ ልምዳቸው ከሃያ ሰዓት እምብዛም የማይበልጥ ነበሩ። መምህራኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግንባር ተዳክመው የተመለሱ፣ ሥራውን እንደ ቅጣት የሚቆጥሩ፣ መሪውን ለተማሪ መልቀቅ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ተማሪው በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን ትከሻ ሲያይ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ብቻህን ውጣ ይባላል።

ይህን የለወጠው ከግንባር ሆኖ ለአለቆቹ ደጋግሞ አቤቱታ የጻፈው ሻለቃ ሮበርት ስሚዝ-ባሪ ነው። አለቆቹ፣ ሊመሰገኑ ይገባል፣ ከተናደዱበት ይልቅ በደቡብ እንግሊዝ ጎስፖርት የሚገኘውን የማሰልጠኛ ክፍል አስረከቡት። ስሚዝ-ባሪ ተማሪውን በአብራሪው ወንበር አስቀመጠው፤ መምህሩና ተማሪው ሁለቱም ሙሉ መሪ እንዲኖራቸው አደረገ፤ የሞተሩን ጩኸት አልፈው እንዲነጋገሩ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ የጎማ ቱቦ ዘረጋላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ከአደጋ እንዲሸሽ ከማስተማር ይልቅ ሆን ተብሎ ወደ አደጋው እንዲገባና ራሱ እንዲወጣበት አደረገ።

ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አውሮፕላን ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል፤ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ከወደቀ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይወርዳል። ያልተማረ ሰው በዚህ ጊዜ መሬት ፊቱ ላይ ስትሽከረከር ሲያይ መሪ ዘንጉን በሙሉ ኃይሉ ወደ ደረቱ ይስባል፤ ቀና ማለት የሚፈልግ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ነገር ግን ዘንጉን መሳብ ክንፉን ይበልጥ አቅም ያሳጣዋል፤ ሽክርክሪቱም እስከ መሬት ድረስ ይቀጥላል። ትክክለኛው እርምጃ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ፣ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ያለውን የእግር መርገጫ እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ዘንጉን ወደ ፊት መግፋት፣ ማለትም ወደሚፈሩት መሬት አቅጣጫ መግፋት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማንበብ ዋጋ የለውም። እጅ ከፍርሃት ቀድሞ እንዲሠራ በሰማይ ላይ፣ በቂ ከፍታ እያለ፣ ከተረጋጋ መምህር ጋር ደጋግሞ መውደቅ ያስፈልጋል። የጎስፖርት ዘዴ ዛሬም የየትኛውም የበረራ ትምህርት ቤት መሠረት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ይህን ትምህርት ይዛ ብትገባም በኦገስት 1940 ማለቂያ ላይ ልትዘነጋው ተቃርባ ነበር። የተዋጊ አውሮፕላኖች ዋና አዛዥ የነበረው ሂዩ ዳውዲንግ ከአውሮፕላን እጥረት ይልቅ የአብራሪ እጥረት ያስጨንቀው ነበር። የመጨረሻው የውጊያ ስልጠና ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቆርጦ፣ አዲስ አብራሪዎች በስፒትፋየር ወይም በሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላን ከአሥር እስከ ሃያ ሰዓት ብቻ በርረው፣ አንዳንዶቹም መትረየሳቸውን በአየር ላይ ተኩሰው ሳያውቁ ወደ ስኳድሮኖቻቸው፣ ማለትም ወደ ተመደቡባቸው የተዋጊ ቡድኖች፣ ይደርሱ ነበር። ዳውዲንግ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሚገባ አልተወራለትም። ስኳድሮኖቹን በሦስት ደረጃ ከፈላቸው፤ በሦስተኛው ደረጃ የተመደቡት ከደቡብ ምሥራቁ ውጊያ ራቅ ባሉ ጣቢያዎች ተቀምጠው፣ አምስት ወይም ስድስት ልምድ ያላቸው አብራሪዎችን ይዘው፣ አዲሶቹን የሚያበስሉ ሆኑ። ጠላት በየቀኑ በሚመጣበት ወር ልምድ ያለውን ሰው ለማስተማር ማስቀረት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ዋናው መድን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። በዲሴምበር 17 ቀን 1939፣ ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ወር፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በኦታዋ የጋራ የአየር ስልጠና ስምምነት ፈረሙ። ካናዳ የተመረጠችው ለጠላት ቦምብ ጣይ የማትደረስ፣ ሜዳዋ ሰፊ፣ ለአሜሪካ ነዳጅና ሞተር ቅርብ ስለሆነች ነው። ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች በስንዴ ማሳዎች መካከል ተሠሩ። ፕሮግራሙ በማርች 1945 እስኪዘጋ ድረስ 131,553 የበረራ ባለሙያዎችን አስመረቀ፤ ከእነዚህ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉት አብራሪዎች፣ የቀሩት አቅጣጫ ጠቋሚዎች፣ ቦምብ አነጣጣሪዎች፣ የራዲዮ ሠራተኞችና ተኳሾች ነበሩ።

ይህን ቁጥር ያስገኘው ማን ነው ብንል፣ ወደ ግንባር ያልሄደው ሰው ነው። ከየኮርሱ ብቃታቸው ከፍ ያለ ተመራቂዎች ተመርጠው፣ ያለፍላጎታቸው፣ መምህር ሆነው እዚያው ይቀሩ ነበር። ብዙዎቹ እንዲዋጉ ደጋግመው አመለከቱ፤ ጓደኞቻቸው በአውሮፓ ሲዋጉ እነርሱ በአንድ ሜዳ ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ማስነሣትና ማሳረፍ ሲያስተምሩ መዋላቸው አሳፈራቸው። ኀዘናቸው ይገባኛል። ነገር ግን አንድ እንዲህ ያለ መምህር በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያወጣቸውን አብራሪዎች ብዛት ስናስብ፣ ለጦርነቱ ያደረገው አስተዋጽኦ ግንባር ላይ ሊያደርግ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ነበር።

ጀርመን የሄደችበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዩንከርስ 52 የተባለው ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ለጀርመን አየር ኃይል ሁለት ሥራ ነበረው፤ ወታደርና ስንቅ ያመላልሳል፣ እንዲሁም ትላልቅ አውሮፕላኖችን የሚያበሩና ያለ እይታ በመሣሪያ ብቻ የሚበሩ ሰዎች የሚሰለጥኑበት ነው። በ1942 መጀመሪያ በዴምያንስክ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ በስታሊንግራድ የተከበቡትን ወታደሮች በአየር ለመቀለብ ሲወሰን፣ አውሮፕላኖቹ ከነመምህራኖቻቸው ከትምህርት ቤቶች ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ተላኩ። በስታሊንግራድ ብቻ ወደ 490 የሚጠጉ የማመላለሻ አውሮፕላኖች ጠፉ፤ በበረዶና በጭጋግ ውስጥ ከወደቁት አብራሪዎች መካከል ሌሎችን በጭጋግ መብረር ሲያስተምሩ የኖሩ ነበሩባቸው። ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። በስታሊንግራድ የተከበቡትን ላለመተው የታሰበው ሐሳብ ከሰብዓዊነት አንጻር ሊገባን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሠራዊቱንም አላዳነም፣ ትምህርት ቤቶቹንም ባዶ አስቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት አንድ የጀርመን አብራሪ ወደ 240 ሰዓት ያህል በርሮ ወደ ግንባር ይሄድ የነበረ ሲሆን በጦርነቱ መጨረሻ ዓመት ይህ ወደ 110 ሰዓት ወረደ፤ በዚያው ጊዜ የብሪታንያና የአሜሪካ ተመራቂዎች ከ300 ሰዓት በላይ ይዘው ይመጡ ነበር። ከሜይ 1944 ጀምሮ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ሰው ሠራሽ ነዳጅ የሚመረትባቸውን ፋብሪካዎች ሲመቱ በኤፕሪል 175 ሺህ ቶን የነበረው ወርኃዊ የአውሮፕላን ቤንዚን ምርት በሴፕቴምበር ከ10 ሺህ ቶን በታች ሆነ። ነዳጅ ሲያጥር መጀመሪያ የሚነፈገው ተማሪ ነው። በቂ ያልተማረው ተማሪ ቶሎ ይሞታል፤ የሞተውን ለመተካት ኮርሱ እንደገና ያጥራል፤ የሚቀጥለውም ከዚያ ፈጥኖ ይሞታል። ይህ ክበብ አንዴ ከተጀመረ ከውስጥ ሆኖ የሚሰብረው ኃይል አይገኝም።

ልምድ ያላቸው ጀርመናውያን በአብዛኛው እስኪሞቱ፣ እስኪቆስሉ ወይም ጦርነቱ እስኪያልቅ ይዋጉ ነበር። ኤሪክ ሃርትማን ከ1942 መከር እስከ ሜይ 1945 ተዋግቶ 352 አውሮፕላኖችን መጣል መቻሉ ተመዝግቧል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል የጣለ የለም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር አድማጭ ይደነቃል። እኔ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ለስንት ተማሪዎች ሊተላለፍ ይችል እንደነበር አስባለሁ። አሜሪካውያን በዚህ ረገድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የጃፓኑን ዜሮ ተዋጊ አውሮፕላን ለመቋቋም ሁለት ጥንድ አውሮፕላኖች እየተጠላለፉ አንዱ የሌላውን ጀርባ የሚጠብቅበትን ስልት የፈለሰፈው ጂሚ ታች በጁን 1942 በፓስፊክ ውቅያኖስ በተደረገው የሚድዌይ ውጊያ ተዋግቶ ስልቱን ካረጋገጠ በኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሶ እንዲያስተምር ታዘዘ። አንድ ሰው በአየር ላይ ያገኘውን ዘዴ በጥቂት ወራት ውስጥ መላው የባሕር ኃይል አብራሪ አወቀው።

ጃፓን ከጦርነቱ በፊት የነበሯት የባሕር ኃይል አብራሪዎች በችሎታ ከዓለም የሚወዳደራቸው ጥቂት ነበር፤ ችግሩ ምርጫው እጅግ ጥብቅ፣ የተመራቂው ቁጥርም እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እነዚህ አብራሪዎች በሚድዌይ አለቁ ይላል። በሚድዌይ ጃፓን አራት የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ብታጣም የሞቱት በራሪዎች ወደ 110 ገደማ ናቸው። ያለቁት ከዚያ በኋላ፣ በሰሎሞን ደሴቶች፣ ከራባውል የጦር ሠፈራቸው እስከ ጓዳልካናል ደሴት ለመሄድ ብቻ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ፣ ያለ እረፍትና ያለ ተተኪ በተዋጉባቸው ወራት ነው። ጁን 19 ቀን 1944 በፊሊፒን ባሕር የተላኩት ተተኪዎች የጥቂት ወራት ስልጠና ብቻ ነበራቸው፤ በአንድ ቀን ወደ 300 የሚጠጉ የጃፓን አውሮፕላኖች ወደቁ፣ ከአሜሪካ በኩል የጠፋው ግን ሠላሳ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አውሮፕላንን ከነአብራሪው በመርከብ ላይ የማጋጨት ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ለዚህ መጀመሪያ ከታሰቡት ምክንያቶች አንዱ፣ በልማዳዊው ስልት አጥቅቶ የሚመለስ በቂ የሰለጠነ ሰው አለመኖሩ ነው። ስልጠና ሲሞት ምን እንደሚተካው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሜሪካ ሀብት ስለነበራት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ሀብቱ እውነት ነው፣ ግን አጠቃቀሙም መታየት አለበት። ከተሸካሚ መርከብ ላይ መነሣትና ማረፍን ለማስተማር ግንባር ላይ የሚያስፈልጉትን መርከቦች ከመያዝ ይልቅ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሁለት አሮጌ የመንገደኛ መርከቦችን ገዝተው፣ የላይኛውን ክፍል ገፍፈው ማረፊያ ወለል ገጠሙላቸው። ዎልቨሪንና ሴብል የተባሉት እነዚህ መርከቦች በከሰል የሚሠሩ፣ በጎናቸው ባሉ ትላልቅ መንኮራኩሮች ውኃ እየቀዘፉ የሚሄዱ ናቸው። አውሮፕላን የሚያስቀምጡበት የታችኛው ክፍል አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ጥቂት አውሮፕላኖች ወለሉ ላይ ከተሰባበሩ የዕለቱ ልምምድ ያበቃል። ወለላቸው ከግንባር መርከቦች ያጠረና ለውኃው የቀረበ ስለነበር በእነርሱ ላይ ያረፈ ሰው በትልቁ መርከብ ላይ አይቸገርም። ከ100 በላይ አውሮፕላኖች ሐይቁ ውስጥ ገብተዋል፤ ከ17 ሺህ በላይ አብራሪዎች ግን ከዚያ ብቁ ሆነው ወጥተዋል። በውቅያኖስ ውስጥ ያለ ጠላት ሰርጓጅ መርከብ ሊደርስባቸው የማይችል ሐይቅ መምረጣቸው ካናዳን ከመምረጥ ጋር አንድ ዓይነት ብልሃት ነው።

ስልጠና ራሱ ሰው ይገድላል፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት በአሜሪካ ምድር ላይ ብቻ፣ አንድም ጠላት ሳያዩ፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የምድር ጦር አየር ኃይል አባላት በአደጋ ሞተዋል። ኤድዊን ሊንክ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ ከተማረው የወናፍ ጥበብ ተነሥቶ የሠራው የምስለ በረራ መሣሪያ ትልቅ ዋጋ ያገኘው ለዚህ ነው፤ ሰልጣኙ በተከደነች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ምንም ሳያይ፣ መሣሪያዎቹን ብቻ ማመን ይለማመዳል፤ ቢሳሳት የሚወድቀው በወረቀት ላይ በተሣለው መስመር ብቻ ነው። ለመሬት ተኳሾች መለማመጃ የሚሆን ጨርቅ በአውሮፕላን እየጎተቱ ከሚበሩት መካከልም ሴቶች ነበሩ፤ በቴክሳስ ሰልጥነው 1,074 ሴቶች ተመርቀዋል፤ ሰልጣኞችን ጨምሮ በዚህ አገልግሎት 38 ሴቶች በስልጠናና በሥራ ላይ ሞተዋል።

አጭር ስልጠና ሁልጊዜ ይከሽፋል ማለቴ አይደለም። በኦክቶበር 1941 ማሪና ራስኮቫ የሶቪየት ወጣት ሴቶችን በቮልጋ ዳር በምትገኘው ኤንግልስ ሰብስባ የዓመታቱን ትምህርት በወራት ማስተማር ጀመረች። የሌሊት ቦምብ ጣይ የሆነው 588ኛው ሬጅመንት በሜይ 1942 ግንባር ደረሰና እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ከ23 ሺህ በላይ ተልእኮዎችን ፈጸመ። ይህ የተቻለው ሴቶቹ የተዋጉበት ባለ ድርብ ክንፍ የእንጨትና የጨርቅ አውሮፕላን፣ ብዙዎቹ በሰላሙ ጊዜ በበረራ ክለቦች የተማሩበት የልምምድ አውሮፕላን ራሱ ስለነበር ነው። ከእነርሱ ጋር የተጀመረው 587ኛው ሬጅመንት ግን ፈጣኑንና አስቸጋሪውን ፔ-2 ቦምብ ጣይ ስለተረከበ ውጊያ የጀመረው በ1943 መጀመሪያ ነው። የሚያስፈልገውን ሰዓት የሚወስነው የአዛዡ ፍላጎት ሳይሆን ሰልጣኙ ቀድሞ በሚያውቀውና በሚረከበው አውሮፕላን መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከቬትናም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል የራሱን ኪሳራ ሲመረምር አብራሪ በብዛት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ አሥር ተልእኮዎቹ ውስጥ መሆኑን ተገነዘበ። በኖቬምበር 1975 በኔቫዳ ኔሊስ የአየር ኃይል ጣቢያ ሬድ ፍላግ የተባለውን ልምምድ የጀመረው እነዚያን አሥር ተልእኮዎች አብራሪው ሳይሞት እንዲያሳልፋቸው ነው፤ የጠላትን ስልት አጥንተው ጠላት ሆነው የሚገጥሙትም ከምርጦቹ የተመረጡ አብራሪዎች ናቸው። እንደገና ጎበዙን ለማስተማር ማስቀረት ማለት ነው።

በዘመናችን ይኸው ጥያቄ በዩክሬን ፊት ቆሟል። የራሷ ሰማይ ለስልጠና ስለማይመች አብራሪዎቿን ለኤፍ-16 ስልጠና ወደ ዴንማርክ፣ ወደ አሪዞናና ወደ ሩማንያ ልካለች። መጀመሪያ የተላኩት ሚግ-29ን የመሰሉ አውሮፕላኖች ሲያበሩ የቆዩ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም የእንግሊዝኛ ቋንቋን፣ ከለመዱት ፈጽሞ የተለየ የመሣሪያ አደረጃጀትንና አዲስ የውጊያ ስልትን ከወራት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ መቅሰም ነበረባቸው። በወራት መመለስ የሚችሉት ልምድ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው በውጭ በቆዩበት ወር የሀገራቸው ሰማይ አንድ ተዋጊ ይጎድለዋል። ከዜሮ የሚጀምሩ ወጣቶችን መላክ ደግሞ ግንባሩን አያሳሳም፤ ነገር ግን መጀመሪያ በብሪታንያ በቀላል አውሮፕላን፣ ቀጥሎ በፈረንሳይ አልፋ ጄት በተባለው የልምምድ ጄት አልፈው ኤፍ-16 እስኪረከቡ ዓመታት ይወስዳል። ዩክሬን ሁለቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ ይዛለች፤ በእኔ ግምት ሁለተኛው፣ ዛሬ ምንም ፋይዳ የሌለው የሚመስለው፣ ከበጀትም ሆነ ከትኩረት አንጻር እንዳይነካ ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ነው።